የ7ኛ ክፍል አይቲ ከ«ማነው ያለው?» ይጀምር

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች አይቲ የምናስተምረው ከጭራው ጀምረን ነው። እስቲ ደብተራቸውን ገልጣችሁ እዩ። «ኪቦርድ ኢንፑት ዲቫይስ ነው፣ ሞኒተር አውትፑት ዲቫይስ ነው፣ ሲፒዩ የኮምፒውተር አንጎል ነው።» ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ልጁ ይመልሳል፣ 10 ከ10 ያገኛል። ማታ ቤቱ ሲገባ «ይህን ሊንክ ለ10 ሰው ብትልክ 5 ጂቢ በነጻ ታገኛለህ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይደርሰዋል። ያው 10 ከ10 ያገኘው ልጅ ለ10 ሰው ይልካል። ታዲያ ምኑን ተማረው?

እኔ የምለው የመጀመሪያው ምዕራፍ መረጃን መመዘን ይሁን ነው። የደረሰህን ነገር ማን አለው? መቼ አለው? በምን አወቀ? ባምነው ማን ይጠቀማል? ልጁ እነዚህን 4 ጥያቄዎች ሳያስበው ከአፉ እስኪወጡ ድረስ እናለማምደው። ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተር ላብ እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም። ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል።

«ለምን 7ኛና 8ኛ ክፍል አልክ? አንተ ሃይስኩል አይደል የምታስተምረው?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ አሁን የማስተምረው 9ኛና 10ኛ ነው። ግን ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ዘንድሮም በሳምንት አንድ ቀን ከአጠገባችን ካለው ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በክበብ እንገናኛለን። ያየሁት ነገር ቢኖር በብዙ ቤት የስልኩ ባለሙያ የ13 ዓመቱ ልጅ መሆኑን ነው። እናት ስልኳን ትሰጠውና «ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ» ትላለች። አያት «ዐረብ አገር ላለችው አክስትህ ደውልልኝ» ይላሉ፤ ኢሞ የሚከፍተው እሱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የብዙ ቤት ገንዘብም እዚያው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ለአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ያስተማርከው ነገር ለመላ ቤተሰቡ ያስተማርከው ነው። ያላስተማርከውም እንደዚያው።

እኛ ሰፈር የሆነውን ላጫውታችሁ፤ ስም አልጠራም። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። አንድ ቀን ስልካቸው ላይ «8,000 ብር ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል መልእክት ገባ። ወዲያው አንድ ሰው ደወለ። «እናቴ፣ በስህተት ነው የላክሁት፣ የሆስፒታል ገንዘብ ነው፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ መልሱልኝ» እያለ አለቀሰባቸው። እሳቸው ደግሞ የሰው ገንዘብ የማይፈልጉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ጠሩት። 8ኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ስልክ ላይ ጣቱ ይበራል። 2 ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ላከ። ገባ የተባለው ብር ግን መጀመሪያውኑ አልገባም። የሄደው የጤፍ መግዣቸው ነው።

ልጁ ከዚያ በኋላ የእናቱን ስልክ አልነካም ብሎ ከረመ። እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው። ልጁ ማንም ያላስተማረውን ትምህርት ነው የተፈተነው። አስቀድሞ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ 3 ነገር ያይ ነበር። አንደኛ፣ መልእክቱ የመጣው ከግለሰብ ስልክ ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ መልእክት ገባ ማለት ብር ገባ ማለት አይደለም፤ ቀሪ ሂሳብህን ራስህ ከፍተህ ታያለህ። ቴሌብር ከሆነ *127# ብለህ ያለ ኢንተርኔትም ታየዋለህ። ሦስተኛ፣ ደዋዩ ያጣድፋል። በእውነት የተሳሳተ ሰው «ወደ ድርጅቱ ደውልና እነሱ ያስመልሱልህ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ ሌባ ይሳደባል። ይሄ ሁሉ አንድ ክፍለ ጊዜ አይሞላም እኮ! 40 ደቂቃ!

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። በስታፍ ክፍል ብዙ ጊዜ የምሰማው «የዘንድሮ ልጆች ከእኛ በላይ ያውቃሉ» የሚለውን ነው። አዎ፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ግን ስልክ መነካካት ማወቅና የደረሰህን ነገር መመዘን የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። መኪና በፍጥነት የሚነዳ ሁሉ የመንገድ ምልክት ያነባል ማለት አይደለም። እንዲያውም ፈጣን የሆነው ልጅ ሳያነብ የሚልከውም በፍጥነት ነው።

ሌላው «ኮምፒውተር ሳይኖር ምን አይቲ አለ?» የሚለው ነው። ይሄን ለሚሉኝ የእኔን ትውልድ ላስታውሳቸው። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። ሃይስኩል ስንገባ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ጠበቀን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይነገራል፣ ገባህም አልገባህም ይቀጥላል፤ «አንዴ ይቁምልኝ» ብትለው አይሰማህም። መብራት ከጠፋማ በቃ። ያን ጊዜ ዕቃ ገባ ማለት ትምህርት ገባ ማለት እንዳልሆነ በደንብ ተምረናል። ዛሬም 30 ኮምፒውተር በእርዳታ ይመጣል፣ በቴፕ ተቆርጦ ሪባኑ ይመረቃል፣ ከዚያ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ ክፍሉ ይቆለፋል። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው። የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ነው።

አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት» ይሉ የነበረው ኢንተርኔት ሳይኖር ነው። ትምህርቱ የእኛው ነው፤ ክፍል ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው የቀረን። እኔ በክበብ የምሠራቸውን ጥቂት ልምምዶች ልጻፍላችሁ። መምህራን ጓደኞቼ፣ ውሰዱት፣ ቀይሩት፣ ከእኔ የተሻለ አድርጋችሁ ሥሩት።

1. የወሬ ሰንሰለት። ፊት ወንበር ላይ ላለችው ልጅ በጆሮዋ «ሐሙስ ገበያ 3 ኩንታል ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ ቆመ» እላታለሁ። እሷ ለጎረቤቷ፣ እሷም ለቀጣዩ፣ እስከ ኋላ ወንበር ይሄዳል። መጨረሻ ላይ አይሱዙው ተገልብጦ 3 ሰው ሞቶ ይመጣል። ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። ከዚያ «ማን ዋሸ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ የሰማውን ነው ያለው፣ ትንሽ ትንሽ ጨምሮ። «ታዲያ እናንተ ፎርዋርድ የሆነ መልእክት ሲደርሳችሁ ስንተኛው ወንበር ላይ ናችሁ?» ስላቸው ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ደስ ይለኛል።

2. ዓመተ ምሕረት። ሰሌዳ ላይ «የ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰረዘ» ብዬ እጽፋለሁ። እውነት ነው ውሸት? መልሱ «የየትኛው 2016?» ነው። በፈረንጆቹ 2016፣ ማለትም በእኛ ግንቦት 2008 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በእርግጥ ተሰርዟል። በእኛ 2016 ግን ፈተናው በሐምሌ ተሰጥቷል። አንድ ሰው የድሮውን ዜና ፎቶ አንስቶ ዛሬ ቢለጥፈው በውስጡ አንድም የሐሰት ቃል የለም፤ አገር ግን ያሸብራል። ልጆቹ ልዩነቱን እንዲያስሉ አደርጋለሁ፦ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8። ይሄ ለታሪክ ትምህርትም ይጠቅማል። ዓድዋን «1896 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ተማሪ ገጥሞኛል፤ ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ቻትጂፒቲ ነው ቲቸር» አለኝ። የካቲት 23፣ 1888 ዓ.ም. የሚለውን ልጁ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ማሽኑ በልበ ሙሉነት ስለጻፈለት የራሱን እውቀት ተወው። ማሽኑ 1896 ያለው በፈረንጅ ይሁን፣ ልጁ ሲገለብጥ ዓ.ም. ይጨምርበት፣ ዋናው ነገር የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

3. ሰዓት። «ምዝገባው በ4:00 ፒኤም ይዘጋል።» ስንት ሰዓት ነው? ግማሹ ክፍል «ከምሽቱ 4 ሰዓት» ይላል። መልሱ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። እንደነሱ ያሰበ ልጅ ቢሮክራሲ ሳይበድለው፣ ኢንተርኔት ሳይቋረጥበት፣ 6 ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ከዚህ በላይ ጠቃሚ የአይቲ ትምህርት ካለ ንገሩኝ።

4. ማህተም። እኛ አገር ማህተም ያለበት ወረቀት ይፈራል። ልጆቹም «ማህተም አለው እኮ ቲቸር» ይሉኛል። ማህተም ዛሬ በስልክ ተቆርጦ ይለጠፋል። ስለዚህ ደብዳቤው ከየት መጣ? ቀኑና ቁጥሩ ይነበባል ወይስ ደብዝዟል? ይህንኑ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በገጹ ላይ አውጥቶታል? ቻናሉ ስሙ ላይ «ኦፊሻል» ስለጻፈ ኦፊሻል አይሆንም፤ እኔም አሁን ተነስቼ «የትምህርት ሚኒስቴር ኦፊሻል» ብዬ ቻናል መክፈት እችላለሁ። የተከታይ ብዛት ይገዛል። ሰማያዊዋ ምልክት ራሷ በክፍያ የምትገኝባቸው ቦታዎች አሉ። «የዘንድሮ ፈተና እጃችን ላይ ነው፣ ብር ላክ» የሚሉት ቻናሎች በየዓመቱ ልጆቻችንን የሚበሉት እነዚህን ነገሮች ለብሰው ነው።

5. ፊደል። ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብለን 6 ዓይነት፤ ሥን በሁለት፤ 12 ሆነ። አንድ ላይና ለያይቶ መጻፉን ስንጨምር 24። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሐ፣ ሀ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ነው የገቡት። ስለዚህ አንድ ፒዲኤፍ ውስጥ «ፀሐይ» ብለህ ፈልገህ ብታጣ ጸሐፊው «ጸሀይ» ብሎት ይሆናል። «የለም» ከማለትህ በፊት በሌላኛው ፊደል ሞክር። ልጆቹ ይሄን ሲያውቁ ዓይናቸው ይበራል፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አይቲ ስለራሳቸው ቋንቋ ሲያወራ ይሰማሉ። በዚያው ላይ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ እንዳሉት፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። በአማርኛ ፈልገን ያጣነው ነገር የሌለ ነገር አይደለም፤ ገና ያልጻፍነው ሊሆን ይችላል። «ማን ይጻፈው?» ስላቸው እጅ ያወጣሉ።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፤ እንደቀልድ የማይወራ። የሴት ልጆች ፎቶ። ከፕሮፋይል ላይ ይወርዳል፣ ይቀጣጠላል፣ በክፍሉ ግሩፕ ይለቀቃል። በማግስቱ ልጅቷ ትቀራለች። አንዳንዷ ሳምንት ትቀራለች፣ አንዳንዷ ጭራሽ ትቀራለች። መምህራን ስንሰማ «ማን ሠራው?» ብለን አንድ ጥፋተኛ እንፈልጋለን። የሠራው አንድ ነው፤ ግን እሱ ብቻውን ልጅቷን ከትምህርት ቤት አያስወጣትም ነበር። ያስወጣት ያዩትና ያስተላለፉት 40 ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ክፉ አይደሉም፣ «እኔ እኮ አልሠራሁትም» ነው የሚሉት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለን፣ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለን። የ8ኛ ክፍል ልጅ ግን መኖራቸውንም አይሰማም። ሕጉን በፖሊስ አፍ ከመስማቱ በፊት በመምህሩ አፍ ይስማው። ከሕጉ በፊት ደግሞ አንዲት ልምድ ያስፈልገዋል፦ የሰው ፎቶ ሲደርስህ እጅህን ሰብስብ። እኔ ጋ ሲደርስ ይቁም ማለት። ይሄም ይለመዳል፣ ልክ እንደ ጥርስ መፋቅ።

እዚህ ላይ በደንብ ተረዱኝ። ኮምፒውተር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በጣም ያስፈልጋል! የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ፊዚክሱን እያወቀ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ ጠፍቶበት ደቂቃው ሲያልቅ ማየት ያማል። የከተማ የግል ትምህርት ቤት ልጅ በኬጂ የነካውን ዕቃ የገጠሩ ልጅ በፈተና ቀን የሚያየው ከሆነ ይሄ የእውቀት ፈተና አልሆነም። ስለዚህ የተቆለፉት ክፍሎች ይከፈቱ። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ካለም ለ60 ተማሪ በየተራ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ማስነካት ይቻላል፤ በካርቶን ላይ ኪቦርድ ስሎ ጣት ማለማመድ ይቻላል። ሠርተነዋል፣ ይሆናል። የእኔ ነጥብ አንድ ነው፦ ኮምፒውተሩ እስኪመጣ ጭንቅላቱን አናስጠብቀው።

ስልክ በር ላይ መቀማትም የራሱ ምክንያት አለው፣ አልቃወምም። ክፍል ውስጥ ቲክቶክ ተከፍቶ ማስተማር አይቻልም። ግን በር ላይ የተቀማው ስልክ 10 ሰዓት ላይ ይመለሳል። ከ10 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ልጁና ስልኩ ብቻቸውን ናቸው። መከልከሉ የትምህርት ቤቱን ሰዓት ይጠብቃል፤ የቀረውን ሰዓት የሚጠብቀው ያስተማርነው ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ እንዲህ ነው።

መምህራን፣ በተለይ የ7ኛና 8ኛ ክፍል፦ የአይቲ መምህር ካልሆናችሁም ግድ የለም። የአማርኛ መምህሯ የፊደሉን፣ የሒሳብ መምህሩ የዓመተ ምሕረቱን፣ የታሪክ መምህሩ «በምን ታወቀ?» የሚለውን መውሰድ ትችላላችሁ። በሳምንት 10 ደቂቃ ይበቃል። ፈተና ስታወጡም «የኮምፒውተር ክፍሎችን ዘርዝር» ከሚለው ጎን አንድ የተጠረጠረ መልእክት አስቀምጡና «ታምነዋለህ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር እኛ አገር እንደማይጠና ታውቃላችሁ።

ወላጆች፦ ልጃችሁ «ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ» ሲላችሁ «አትዘግይብኝ» አትበሉት። ያ መዘግየት ብራችሁን ያድናል። ስህተት ቢሠራም አትጩኹበት፤ የተጮኸበት ልጅ ቀጣዩን ይደብቃችኋል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ባንክ ቤት አይቲ ክፍል ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሶፍትዌር ትሠራላችሁ፣ ዱባይና ሪያድ ያላችሁም አላችሁ። በተማራችሁበት ትምህርት ቤት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስጡ። ገንዘብ አልጠየቅኩም። ሄዳችሁ «እኔን እንዲህ አድርገው ሊያጭበረብሩኝ ሞከሩ፣ እንዲህ አድርጌ ነቃሁ» ብላችሁ ተናገሩ። እኔ 40 ደቂቃ ከማወራው ከዚያው ሰፈር የወጣ ልጅ 5 ደቂቃ ሲያወራ ነው የሚሰሙት። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ለእናቶቻችሁ ስትደውሉ ስልኩን የያዘውን ልጅ አንድ ጊዜ «ኮድ ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ለማንም አትንገር» በሉት።

የናንተን ልምድ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ ሰፈራችሁ ውስጥ የሚዞር አዲስ የማጭበርበሪያ ዘዴ ካለ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ሳትጠቅሱ አስቀምጡልኝ፤ ለሚቀጥለው ረቡዕ ክበብ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ልጆቹ እንዲመዝኑት አደርጋለሁ። ይሄን ጽሑፍም ሼር ከማድረጋችሁ በፊት መዝኑት፤ ከ1 እስከ 5 የጻፍኩት ውስጥ የማይሆን ነገር ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ሰላም ዋሉ።